የሕፃኑ ለቅሶና የአንሶላው ሁለት ግማሽ

እስቲ አረፍ በይና ስሚኝ። ወንድ ከሆንክም ስማኝ፤ ልጅ በሁላችንም ቤት ያለቅሳል። እኔ አራት ወልጄ አሳድጌአለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሁሉም የየራሳቸው ቤት አላቸው። ሦስተኛዋ ሕፃን ሳለች ጎረቤት እስኪታዘበኝ ድረስ አልቅሳብኛለች። ስለዚህ የማወራሽ ነገር እኔንም ይነካኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባለቤቴን ካፖርት ላሳጥብ ሰፈራችን ካለው ላውንደሪ ጎራ አልኩ። የላውንደሪውን ባለቤት ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ሰፈሩ «እድፍ አይፈሬ» ይላታል፤ ዘይትም ይሁን ቀለም ሳታስለቅቀው አትተኛም። ገና በሩን ስከፍት የካውያው እንፋሎት ፊቴን መታኝ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የሕፃን ለቅሶ ጆሮዬን። የረሃብ ለቅሶ አልነበረም። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ እጁን ጨብጦ የሚያለቅሰውን ለቅሶ ወልዳ ያሳደገች ሁሉ ታውቀዋለች።

«መጣሽ እህቴ» አለችኝ እድፍ አይፈሬ። «ዛሬ እገላገላለሁ። ጡቱን አስጥለዋለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀምጧል።

«ምነው? በአምስት ሳምንቱ?»

«የልጄ ወተት ተበላሽቶ ነዋ። እሱ ነው የሚቆርጠው። አምስት ልጅ አሳድጌ ይሄ ይጠፋኛል?»

ልጇ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሕፃኑን ታቅፋለች፤ ዓይኗ አብጧል፤ ፀጉሯ ከተበጠረ ቀን ያለፈው ይመስላል። «እትዬ፣ ልጄን የማሳምመው እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃኑን ተቀበልኳት።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ነርስ ገባች። የሕፃናትን የሆድ ቁርጠት ከሚያጠኑ ሐኪሞች ጋር ነው የምትሠራው። በየሳምንቱ እየመጣች አንድ ወረቀት ትወስዳለች፤ ወረቀቱ በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ሳጥን ሩብ ሰዓት ነው፤ ሕፃኑ ያለቀሰበትን እናትየዋ ታጠቁረዋለች። ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ጠርሙስም ሰጥታለች፤ በቀን አምስት ጠብታ።

«ልጄ፣ ጠርሙስሽን ይዘሽልኝ ሂጂ» አለቻት እድፍ አይፈሬ። «ውስጡ መድኃኒት ይኑር አይኑር አንቺም አታውቂም አሉ።»

«እውነት ነው እትዬ፣ አላውቅም።»

«ሰማሽ?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አላውቅም የሚል የሐኪም ሰው አየሽ? እኔ የማንን እድፍ ነው አላውቅም ብዬ የመለስኩት?»

ነርሷ አልተቀየመችም። «ግማሹ ጠርሙስ መድኃኒት አለው፤ ግማሹ ዘይት ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው። ልጅዎም ይህን አውቃ ነው የፈረመችው፤ ባሰኛት ቀን ትተወዋለች።»

«በሕፃን ይቀለዳል?»

የነርሷ ዓይን መተኮሻው ላይ ካለ አንሶላ ላይ አረፈ። መሃሉ ላይ በክር ተሰፍቶ ምልክት ተደርጎበታል። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«አዲስ ሳሙና ነው። ሻጩ ተአምር ነው ይላል። ግማሹን በእሱ፣ ግማሹን በውሃ ብቻ አጥቤ አብሬ አሰጣሁት።»

«ሙሉውን በሳሙናው ለምን አላጠቡትም?»

«አይ ያንቺ ነገር። ሙሉውን ካጠብኩት፣ ሳሙናው ይሁን ፀሐዩ ያነጣው በምን አውቃለሁ? በውሃ የታጠበው ግማሽ ነው እኮ የሚመሰክ...»

እዚህ ላይ ቆመች። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ብሞክር አልዋጥ አለኝ። «በይ እንግዲህ፣ ራስሽ ፈረድሽ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ከማን ወገን ነሽ?» አለችኝ፤ ግን ወንበር ሳበችና ለነርሷ ሰጠቻት።

ነርሷ ሕፃኑን ከእኔ ወስዳ ይዛው በመጣችው ሚዛን ላይ አስቀመጠችው። ባለፈው ሳምንት ከነበረው ሁለት መቶ ግራም ጨምሯል። «ወተቷ ተበላሽቶ ቢሆን ይሄ ሥጋ ከየት ይመጣ ነበር እትዬ?» አለች። እናትየዋ ቁጥሩን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ደግማም አየችው። እኔም ሕፃኑን መልሼ ታቀፍኩት።

«ታዲያ ምንድነው የሚቆርጠው?» አለች እድፍ አይፈሬ፤ ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«ሐኪሞች ገና አልጨረሱትም። አንጀቱ ገና ስላልጠና ነው የሚል አለ፤ አንጀት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ገና ስላልተደላደሉ ነው የሚልም አለ። የምናጠናውም ይህንኑ ነው። የምናውቀው፣ ለቅሶው ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብስና በሦስት በአራት ወር ይተዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በባሰበት ሰሞን የተሰጠው ሁሉ፣ ለቅሶው በጊዜው ሲቀንስ፣ መድኃኒት ይመስላል።»

ይሄን ስትል ሦስተኛዋ ልጄ ትዝ አለችኝ። ሆዷን በሞቀ ጨርቅ እየጠቀለልኩ አዳንኳት ብዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለስንቱ አውርቻለሁ። ለካ ያኔ ሦስት ወር ሞልቷት ነበር።

«ከጡትና ከጠብታው ሌላ የሚሰጠው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች ነርሷ፤ እስክሪብቶዋን አውጥታ።

እድፍ አይፈሬ የካውያውን ገመድ ታስተካክል ጀመር። «አንድ ማንኪያ የስኳር ውሃ» አለች በመጨረሻ። «እሷ ስትተኛ።»

«እማዬ» አለች ልጇ።

«ጥሩ አደረጉ የነገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ» አለች ነርሷ ረጋ ብላ። «ግን ይብቃ። እስከ ስድስት ወር ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልገውም። ትንሿን ሆዱን ይሞላና ጡት ይቀንሳል፤ ተቅማጥም ሊያመጣ ይችላል። የዱቄት ወተት ጡት ለቸገራት እናት ነው፤ የእርስዎ ልጅ አልቸገራትም።»

«እኔስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«ማን አለ? ከጠባ በኋላ ቀጥ አድርገው ይዘው ያስገሱት። ደረትዎ ላይ አድርገው ይንሸራሸሩ። እሷን ያስተኟት። ትዕግሥት ያለቀ እንደሆነ በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝቶ ትንሽ ራቅ ማለት ነውር የለውም፤ ማንም ግን ተናዶ አይነቅንቀው፤ አንጎሉ ይጎዳል። ትኩሳት ካለው፣ አረንጓዴ ካስታወከ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ጡት እምቢ ካለ ደግሞ ቁርጠት ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም።»

እድፍ አይፈሬ ቆርቆሮውን አንስታ እጇ ላይ መዘን መዘን አደረገችው፤ ከዚያ ካመጣችበት ከረጢት መልሳ ከተተችው። ሕፃኑን ከእኔ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችና ልጇን «ሂጂ ተኚ፤ እኔ አለሁ» አለቻት። ልጅቷ ወደ ውስጥ ስትገባ የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ዞር ብላ አየችንና ገባች።

ከወራት በኋላ መጋረጃ ላሳጥብ ሄድኩ። ሕፃኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወፍሮ፣ ማንጠልጠያ ሲወዛወዝ እያየ ይስቃል። ጡቱን እንደጠባ ነው። እድፍ አይፈሬ ያቺን ጠርሙስ ከሳሙናዎቿ መሃል እንደ ሽልማት አቁማታለች፤ ልብስ ላመጣ ሁሉ ልጁን ያዳነው ጠብታው ነው እያለች ታወራለች። እኔ እያለሁ ነርሷ መጣች።

«ጥናቱ አለቀ እትዬ» አለች። «መድኃኒቱን በወሰዱት ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ላይ ለቅሶው ትንሽ ቀንሷል፤ ትንሽ ነው፣ ግን አለ። በአራተኛው ወር ደግሞ ሁሉም ትተዋል ማለት ይቻላል። የእናንተ ቁጥር...» ፈራ ተባ አለች። «የእናንተ ዘይት ብቻ ነበር።»

«ዘይት?»

«ዘይት ብቻ።»

እድፍ አይፈሬ ቁጭ አለች። «እኔ እኮ ለአሥራ አንድ ሴት ምዬአለሁ» አለች። ሕፃኑን አየችው፤ እሱም ሳቀባት። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። «ስለዚህ በውሃ የታጠበው ግማሽ እኛ ነበርን።»

«እናንተ ባትኖሩ» አለች ነርሷ «ሌላው ግማሽ መንጻቱን በምን እናውቅ ነበር?»

በነጋታው እድፍ አይፈሬ አሥራ አንዱንም ሴቶች በየቤታቸው ዞረች። ተሳስቻለሁ ብላ ነገረቻቸው፤ ግን ባዶ እጇን አልሄደችባቸውም። ልጁን ያሻለው ጊዜና የእናቱ ወተት መሆኑን፣ ማንኪያውን መተው እንደሚገባ፣ የትኛው ምልክት ሐኪም ዘንድ እንደሚያስሮጥ፣ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ሕፃኑ ጠገበ፤ ልጇ እንቅልፍ አገኘች፤ ራሷን ከመጠርጠርም ዳነች። ይሄ ትንሽ ነው ትያለሽ? እኔ በወጣትነቴ ይህን የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ስንት ቀን ከማልቀስ በዳንኩ። እግዚአብሔር አእምሮ የሰጠን እንድንጠይቅበት ይመስለኛል፤ አላውቅም ማለትም የመጠየቅ መጀመሪያ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሰፈርሽ ውስጥ ሕፃን የሚያለቅስባት አራስ ካለች ስለ ወተቷ አትጠይቂያት። በሯን አንኳኪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ልጁን ተቀበያትና አንድ ሰዓት አስተኚያት።