ማይነሷ ንቅንቅ አላለችም

ነይ እስቲ ቁጭ በይ እህቴ፣ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ። መስኮቱንም ከፈት አድርጊው፤ ያ የተቃጠለ ሽታ እስካሁን አልወጣም። እኔ እዚሁ ግድግዳው ጥግ ይመቸኛል። ግድግዳ አልኩ እንጂ... ኮምፔንሳቶ ናት፣ ማዶ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ለነገሩ እኛ ምን የሚደበቅ አለን? የሰው ደግነት ነው የምናወራው።

ስም አልጠራም። ስም ምን ያደርጋል? አንዳንድ ሰው ግን ለአለቃነት ይፈጠራል፣ አይደል? ሌላው ቢሆን ኮምፒውተር ላይ የሰራሽውን የሰርኪዩት ሞዴል አይቶ ያልፍ ነበር። እሳቸው ግን... ከዚያ ሁሉ ቁጥር መሃል የባትሪው ከረንት ፊት ያለችውን ማይነስ አገኟት! "እኔ ባለሁበት ቢሮ ከረንት ወደ ኋላ አይሄድም" አሉ። ቆራጥ ማለት እንዲህ ነው።

አንቺ ደግሞ ልጅነትሽ... ማስረዳት ጀመርሽ። ፕሮግራሙ ወደ ባትሪው የሚገባውን ፕላስ፣ የሚወጣውን ማይነስ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ የባትሪ ስራው መስጠት ስለሆነ ማይነስ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፣ ምናምን። ኧረ ወዲያ! እኔ በያጇ እንኳን የገባኝን ነገር፣ ሃያ ዓመት ወንበር ላይ ለተቀመጡ ሰው ይነገራል? ጠረጴዛውን አዙሩት አሉ፤ አዞርነው። ስድስት ሰው ሆነን፣ ኮምፒውተሩ ላዩ ላይ እንዳለ! ማይነሷ ንቅንቅ አላለችም። ስክሪኑን ወደ በሩ አዙሩት አሉ፤ አዞርን። ከዚያ ሁላችንም ጀርባችንን ሰጥተን ጠበቅናት... ታፍር ይሆናል ተብሎ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለኔና ላንቺ ይመጣልን ነበር? በህልማችንም!

ያቺ ቀይ መስመርስ ትዝ ትልሻለች? ሰርኪዩቱ ሲነሳ ከዜሮ ጀምር የሚል ምልክት ካልተሰጠው፣ ፕሮግራሙ ዜሮ ነው ወይም አንድ ነው ብሎ አይቀባጥርም፤ አላውቅም ለማለት ቀይ ያሰምራል። ምስኪን ማሽን! እሳቸው እኮ ይኸው ስንት ዓመት አብረን ስንሰራ፣ አንድ ቀን "አላውቅም" ሲሉ ሰምቼ፣ ፊታቸውም ሲቀላ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ እውነተኛው ቦርድ ላይ ባትሪውን በግልባጩ ግጠሚው አሉሽ። እምቢ ስትይ በጽሑፍ አዘዙሽ። ገጠምሽው... ጢሱን ተይው። እኔን የገረመኝ ከጢሱ በኋላ ያሳዩሽ አባትነት ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ላንቺ መተዋቸው! ሌላው ቢሆን ለራሱም ትንሽ ባስቀረ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ የስንብት ደብዳቤሽን በገዛ እጃቸው ሊፈርሙ... ምን ያህል ቢያስቡልሽ ነው?

አታልቅሺ እንጂ፣ ሻይሽን ጠጪ። ፊርማ ስል ትዝ አለኝ... የእጅ ጽሑፋቸው እንዴት ያምራል በናትሽ! ያቺ "ባትሪው በግልባጩ ይገጠም" የምትለዋ ወረቀት፣ ከነቀኗ፣ ከነፊርማዋ። ብቻዬን ማድነቁ ቢከብደኝ ጠዋት ኮፒ አንስቼ ለዋና ስራ አስኪያጇ ወሰድኩላቸው። ሴትየዋ ወደዷት። ሁለት ጊዜ አነበቧትና "የልጅቷ ደብዳቤ ይቅር፤ ሰውየውን ጥሩልኝ" አሉ።

ውይ! ማዶ ብርጭቆ ወደቀ እንዴ? ተይው፣ አትነሺ። ጠረጴዛ እያዞሩ ይሆናል።

የአለቃችን ልጅ ዘንድሮ ልትመረቅ ነው አሉ፣ በኛው ሙያ። ጎበዝ ናት፣ እንዳንቺው ያየችውን የምትናገር። እኔ ደግሞ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? ፈጣሪ ስራ አያሳጣት። በገባችበት ሁሉ ልክ እንደ አባቷ ያለ አለቃ ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ እህቴ... ጮክ በይ፣ አባቷም ይበሉ።