«ይዟል» እና «እኩል ነው»

አሳንሰሩ ተበላሽቷል። የደም ባንኩ መጋዘን ኃላፊ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃውን ሲወጡ፣ የኮምፒውተር ባለሙያዋ ከላይ ስትወርድ መሐል ላይ ተገናኙ።

«ልጄ፣ ኤ ቢ ስንት ስንት አለ?» አሏት።

«አምስት ነው፣ ጋሼ።»

«እያንዳንዱ?»

«የቱ እያንዳንዱ?»

ሽማግሌው ቆም ብለው አዩአት። «እኔ ኤን ለብቻ፣ ቢን ለብቻ ጠየቅሁሽ። አንቺ አጋብተሽ ኤቢ አደረግሻቸው እንዴ?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ይቅርታ፣ ጋሼ። ኤ ፖዘቲቭ አሥር፣ ቢ ፖዘቲቭ ስምንት። እንዲያውም ለልብስ ሰፊዋ ይበቃል ብዬ ለሐኪሙ ልነግረው እየወረድኩ ነው።»

ጋሽ ቁልፍ (የማቀዝቀዣው ቁልፍ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሠራተኛው ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው) የደረጃውን መደገፊያ ጨበጡ። ልብስ ሰፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ከነገ ወዲያ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ ስድስት ከረጢት ቢ ፖዘቲቭ ካልተዘጋጀ ምላጭ አላነሣም ብሏል። ኦ ለብዙ ሰው ስለሚሆን ለድንገተኛ አደጋ ተብሎ ይጠበቃል፤ አይነካም። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ቢውን በጣታቸው እየነኩ ቆጥረውታል። አራት ነው።

«አትውረጂ» አሏት። «ተመለሺ፣ እንየው።»

ባለሙያዋ ባለፈው ወር ለኮምፒውተሩ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ፣ እነሱ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ጽፋ ነበር። እያንዳንዱ ከረጢት ሲገባ ጋሽ ቁልፍ ዓይነቱን በአንድ መስመር ይመዘግባሉ፤ ሲወጣም መስመሩን ይሰርዛሉ። መስመሮቹ ወረፋ እንደያዘ ሰው ተደርድረው ይቆማሉ፤ ስክሪፕቱ ከፊት እስከ ኋላ እያለፈ የተጠየቀውን ይቆጥራል።

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ» አሉ ሽማግሌው መጋዘኑ ገብተው ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ስበው። «ሌላው መሥሪያ ቤት አመጣ ተብሎ እኛም አመጣን። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህች ጣት ቆጥሬ ሰው ገድዬ አላውቅም። ይኸው የአንቺ ማሽን አራቱን ስምንት አለ። ሐኪሙ አምኖ ቢከፍታትስ?»

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ፊቷ ቀልቶ ጽሑፏን መስመር በመስመር አነበበች። ጥፋትን አምኖ መናገር ለተማረ ሰው ይከብደዋል፤ እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፣ የእኔ ነው። ቸኩዬ አፍስሼ ለቀምኩ። ‹ቢ ፖዘቲቭ› የሚለውን የያዘ መስመር ሁሉ ቁጠር ነው ያልኩት። እስቲ ‹ኤቢ ፖዘቲቭ› የሚለውን ያንብቡት፣ ጋሼ። ‹ኤ›ን በጣትዎ ይሸፍኑ።»

ሸፈኑ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ቢ ፖዘቲቭ» አሉ ቀስ ብለው። «ሆዱ ውስጥ አለ!»

«አዎ። ‹ይዟል› እና ‹እኩል ነው› ይለያያሉ። ኤውንም ‹ፖዘቲቭ› ሳልል ‹ኤ›ን የያዘ ስላልኩት አምስቱን ኤቢ ደርቦ አሥር አለኝ። አሁን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እኩል የሆነውን ብቻ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ።»

አረመችና ትእዛዙን ሰጠች። ለቢ ፖዘቲቭ ሦስት አለ።

«ይኸው!» ጋሽ ቁልፍ ጭናቸውን መቱ። «ቅድም አበዛ፣ አሁን አሳነሰ። አራት ነው አልኩሽ እኮ!»

«እውነትዎን ነው፣ አራት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ እንየው። በዝርዝሩ ያለው እያንዳንዱ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይንገረን።»

ኤቢ ፖዘቲቭ አምስት፣ ቢ ፖዘቲቭ ሦስት፣ ኤ ፖዘቲቭ አምስት፣ ኦ ፖዘቲቭ ሰባት፣ ኦ ኔጌቲቭ ሁለት። ከታች ብቻውን «ቢ ፖዚቲቭ»፣ አንድ።

«ይህን በ‹ዚ› የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እና ምን ይሁን? ‹ዘ› ግዕዝ፣ ‹ዚ› ሣልስ፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።»

«ወንድማማቾች ቢሆኑም በአንድ መታወቂያ አይገቡም፣ ጋሼ። እርስዎ ሲያነቡ አሳቡን ይረዳሉ። እሱ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው። በመጨረሻ ባዶ ቦታ እንኳ ቢተዉ ሌላ ቃል ይመስለዋል።»

«እንግዲህ ፊደል ከማያስተውል ነገር ጋር ምን አቆራኘኝ? ጣቴ ይበቃኛል።»

«በጣትዎ ጠቅላላው ስንት መጣ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ዝርዝሩ ሃያ ሦስት ነው። ኦ ኔጌቲቭ ስንት ቆጠሩ?»

«አንድ።»

«እዚህ ሁለት ተመዝግቧል። በእርስዎው እጅ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ማቀዝቀዣውን ከፈቱ። የታችኛውን መደርደሪያ ከረጢቶች አንድ በአንድ አወጡ። ከሁሉም ኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ አንድ ኦ ኔጌቲቭ ተገኘ። ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት። ለዚህ ከረጢት አንድ ሰው ክንዱን ዘርግቶ ደሙን ሰጥቷል፤ በሦስተኛው ቀን እሳቸው ሊጥሉት ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ለማንም አልተናገርኩም።»

«የእኔም ጽሑፍ ስቷል። ጣትዎ ባይኖር ኖሮ እኔ ለሐኪሙ ስምንት ብዬው ነበር።»

ሰው የሚማረው ሲሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ያሸነፈው ሰው ልቡን ሲከፍትለትም ነው። ጋሽ ቁልፍ ከረጢቱን ከፊት አስቀመጡና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«በይ አስተምሪኝ። ከዛሬ ጀምሮ ምን ልጻፍ?»

«ምንም አይጽፉም። ስምንቱን የደም ዓይነት በአንድ አጻጻፍ እደረድርልዎታለሁ፤ እርስዎ መምረጥ ብቻ ነው። ስክሪፕቱ እኩል የሆነውን ብቻ ይቆጥራል፤ ከስምንቱ የማይገጥም ጽሑፍ ካየ ዝም ብሎ አያልፈውም፣ ይነግረናል። ጠዋት ጠዋት የእርስዎ ጣትና የእሱ ቁጥር ይተያያሉ። ካልተስማሙ ማቀዝቀዣው ይከፈታል። እንዲህ ከሆነ የጎደለው በጊዜ ይታወቃል፣ ከኋላ የተረሳው አይበላሽም፣ እርስዎ ዕረፍት ቢወጡም የሚተካዎት ሰው አይሳሳትም።»

«ጥሩ። ታዲያ አሁን አራት ነው ያለን፤ ሁለት ይጎድላል። ስልኩን አቀብዪኝ፣ ቢ ፖዘቲቭ ለጋሾችን ልጥራ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ግንበኛና አንዲት መምህርት መጥተው ደም ሰጡ፤ ደሙም ተመርምሮ በማግስቱ ተመዘገበ። ለልብስ ሰፊዋም በቀጠሮዋ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። አምስት ከረጢት ፈጀች፤ ስድስተኛው ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።