«ጠዋት ና» ያሉኝ ባለመኪና

በየቀኑ ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን ደርሼ የምመለስ ሰው ነኝ። የምፈልገው ያንን ዳገት ሳያቃስት የሚወጣ፣ ደግሞም የሚበር መኪና ነው። ጎረቤቴ ጋሼ ሰይድ የሚሸጧትን ቀይ መኪና ሳያት ልቤ ቀጥ አለ። ዝቅ ያለች፣ ቆማ እንኳ የምትሮጥ የምትመስል! «እንሞክራት» ስላቸው ግን «ጠዋት በብርዱ ና» አሉኝ። አሃ! ሞተሯ ቢግል ነው፣ አልኩ በሆዴ። «የለም ጋሼ፣ አሁኑኑ፣ በዚህ ፀሐይ!» ብዬ ድርቅ አልኩ።

እየተነጫነጩ ገቡ። የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ስንያያዘው ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀልኩም፤ መርፌዋ ወይ ፍንክች! አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ቀድሜ ሳልፍ በደስታ ጮህኩ። ጋሼ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፍነው የበሩን እጀታ ጨብጠዋል። ደብረ ሲና ስንደርስ «አቁም!» ብለው ዘለው ወረዱና ምሳቸውን በሙሉ አስመለሱት።

«ጠዋት ና ያልኩህ ለእሷ ብዬ መሰለህ?» አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ። «ለሆዴ ነው እንጂ! ምሳ በልቼ ይሄን ጠመዝማዛ አልችለውም። የምሸጣትስ ለምን ሆነና?»

«ወስጃታለሁ ጋሼ! ይግቡ፣ ቀስ ብዬ እመልስዎታለሁ» አልኳቸው እየሳቅኩ።

«በል አንተ በእሷ ውረድ» አሉ መንገዱን ተያይዘው። «እኔ ወላሂ በእግሬ እወርዳለሁ!»