ሃያ አንድ ልጅ፣ አንዲት ሟች እናት

ነይ እስቲ ይመኙሻል፣ ወዲህ ወደ ፀሐዩ ጠጋ በይ። የዘንድሮ የጥቅምት ውርጭ እንኳን እኛን ገብሱንም ጎንበስ አደረገው... አጎዛው ላይ ተቀመጪ። ልጅሽ ጌታነሽ እንዴት ናት? ወሯ ገባ አይደል? እሰይ፣ እንኳን ለዚህ በቃች! ይኸው እኔም የምፈትለው የበግ ፀጉር ለሕፃኑ መጠቅለያ ባና ይሆናል ብዬ ነው፤ ነጭ ነጩን መርጬ። ባሏስ፣ አማችሽ፣ ደህና ናቸው? አሁንም ያስተምራሉ? ይበርቱ፣ ይበርቱ።

ማስተማር ሲባል ትዝ አለኝ... አንድ መምህር ነበሩ አሉ። የት እንደሆነ እኔ ምን አውቄ! ስማቸውንም አልጠራም፤ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት የተማረ ሰው ስም ስታነሳ ነውር ነው። ብቻ ደግ ሰው ናቸው። አንድ ድርጅት ስምንተኛ የጨረሱትን ደብረ ብርሃን አሳድሮ በነፃ ሊያስተምር ፈተና አወጣ። ዞኑ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ጥያቄ የሚቀመጥበት፤ ዋናው ነገር ድርሰት። እሳቸው ታዲያ ልጆቹ እንዳይቸገሩ ብለው ራሳቸው ጽፈው ሰጧቸው! አንዱን ድርሰት፣ ለሃያ አንዱም ልጅ። እንዲህ ያለ ቸርነት የት ታይቷል?

ድርሰቱም ድርሰት ነው! መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው። የልጅ ልጄ ሲና ቆማ በቃሏ ስትወጣው ሰምቻለሁ። «እናቴን ገና በሕፃንነቴ በሞት ተነጠቅሁ» ብሎ ይጀምራል። እናቷ እየሩስ አጠገቧ ባቄላ ስትለቅም፣ «ምነው ልጄ፣ እኔ የት ሄጄ?» ብትላት፣ «ዝም በይ እማዬ፣ መግቢያው ነው» አለቻት። እኛስ ምን እናውቃለን? ዳዊት በቃል የሚደገምበት አገር ነው፤ በቃሉ የያዘ ልጅ ዐወቀ እንላለን። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል እንዳይስቱ... ተደክሞላቸዋል።

ቀድሞ እኮ ሲና የራሷን ጽፋ ነበር። ስለ ጓሳ ሣር። ሣሩ በማን ቃል እንደሚዘጋ፣ ስንት ዓመት ከብት ሳይነካው እንደሚቆይ፣ በመጨረሻ አገር ተሰብስቦ እንዴት ከፍቶ እንደሚያጭደው። «መጀመሪያ ምን ይደረጋል እምዬ? ከዚያስ?» እያለች ከእኔው ጠይቃ። መምህሩ አዩትና ሰረዙት። «ቅርጽ የለውም።» ልክ ናቸው! ሣር ምን ቅርጽ አለው? ቅርጽ ያላት የሞተች እናት ናት።

የፈተናው ዕለት ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? «በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ልማድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ጻፉ።» እህ... ልጆቹስ ምን ያድርጉ? የተማሩትን ጻፉ። ሃያ አንዱም እናታቸውን ቀበሩ።

ነሐሴ ላይ እየሩስ ውጤት ልትጠይቅ መሐል ሜዳ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ፣ «የልጅቷ ምኗ ነሽ?» አላት። «እናቷ።» «እዚህ እኮ ሞታለች ይላል!» እስቲ ይታይሽ፣ መርዶዋን ራሷ ሰምታ መጣች! ስቀን፣ ስቀን... ተኮራርጀዋል ተብሎ የሃያ አንዱም ወረቀት መሠረዙን ስትነግረን ሳቁ ቀረ። ሲና ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

መምህሩን ግን ማን ይወቅሳል? «ጥፋቱ የአራሚዎቹ ነው፤ መደምደሚያውን ሳያነቡ ነው የጣሉት» አሉ አሉ። በግምገማውም «ሞዴል መምህር» ተብለው ወረቀት ተሸለሙ። ይገባቸዋል! ሃያ አንድ ልጅ ሳያበላልጥ እኩል ያደረገ ሌላ ማን አለ?

ፈተናውን ያለፈችው አንዲት ናት፣ የአቶ ተገኘ ልጅ ኮከብ። ኩፍኝ ይዟት ሁለቱንም ሳምንት ተኝታ የቀረችው። አባቷማ «እንዲህ ያለ ትምህርት አመለጣት» ብሎ ሲብሰለሰል ነበር፣ ምስኪን! አባቷ የሣር ቤት ሲከድን ያየችውን ጻፈች አሉ፤ ከታች ከክፈፉ ጀምራ እስከ ጉልላቱ። ኩፍኝ እንዲህ የሚያስተምር መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

እንግዲህ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ኮከብ ደብረ ብርሃን ገባች። ሲና መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛን ጀመረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ መጥታ ስንቋን ትይዛለች። ከቀሩት አራቱ ትምህርቱን ተዉት፣ አንዷም ተዳረች። እየሩስ፣ እግዜር ይመስገን፣ አልሞተችም። መምህሩም አሁን ለሌሎች መምህራን ስለ ድርሰት ሥልጠና ይሰጣሉ አሉ።

ምነው ተነሳሽ? ፀሐዩ በረታብሽ? ቆይ፣ ይችን ልቃቂት ይዘሽ ሂጂ። ለጌታነሽም እንዲህ በይልኝ... ማርያም ትቅረብሽ፤ የምትወልጂው ያማረ፣ የተባረከ ይሁን። አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባም... እግዜር ልክ እንደ አባቱ ያለ መምህር ይስጠው።