ብሩ በከንቱ ይቅር

ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ሴትና አንድ አዛውንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም፤ ሴትዮዋ ለባሏ በስልክ "የጤና መድኑን ዘንድሮ አናሳድስም" ስትል አዛውንቱ ሰምተው ነው ወሬውን የጀመሩት።

"ለምንድን ነው የማታሳድሱት ልጄ?"

"አባባ፣ አምና ከፍለን ማንም አልታመመም። ብሩ እንዲሁ ቀረ።"

"ማንም?"

"ጉንፋን እንኳን የለም። ጌታ ይመስገን።"

"ታዲያ ከፋሽ?"

"ኧረ አልከፋኝም! ግን ዶሮ እገዛበት ነበር። ደግሞ እየጸለዩ ለበሽታ መክፈል እምነት ማጣት አይመስልዎትም?"

"ለእድር ትከፍያለሽ?"

"እንዴታ! በየወሩ ነዋ።"

"ሞተሽ ታውቂያለሽ?"

"ኧረ አባባ!" ሳቀች።

"እድር ድንኳን ይተክልልሻል እንጂ መድኃኒት አይገዛልሽም። እኔ የመድን ካርዴን ባሳደስኩ ቁጥር ቤተሰቡን ሰብስቤ እጸልይበታለሁ።"

"ምን ብለው?"

"'ጌታ ሆይ፣ ይህ ብር በከንቱ ይቅር' ብዬ።"

"እንደዚህም ይጸለያል?"

"እስካሁን ሰምቶኛል። አንዴ ብቻ ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ የዚያን ዓመት ካርዱ ሥራውን ሠራ።"

"አሁንስ ደህና ናቸው?"

"ይኸው፣ ቶሎ ና እያለች ስትደውልልኝ ነው የምትውለው።"

ሴትዮዋ ስልኳን አውጥታ ለባሏ መልሳ ደወለች።

"ስማ፣ እናሳድሰው። አዎ፣ የጤናውን። ምን ያደርግልናል ትለኛለህ እንዴ? በከንቱ እንዲቀር ነዋ!"

"አሜን" አሉ አዛውንቱ።

እኔም በሆዴ አሜን አልኩና፣ የራሴን ካርድ ለመጨረሻ ጊዜ ያሳደስኩበትን ዓመት ለማስታወስ ብሞክር አቃተኝ።