የማኅበሩ ሙሴ ያስጻፉት ወረቀት

ፍኖተ ሰላም ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበርሁ። ስሜ ዘሩ ነው፤ ሰው ግን «ራፖር ጸሐፊው» ይለኛል። ድሮ በእጄ፣ በኋላ በታይፕ፣ አሁን ደግሞ ባትሪው ቶሎ በሚያልቅ ላፕቶፕ እጽፋለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን እንደዚያ ሐሙስ የተናደድሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ የተናደድሁትም በሌላ ሰው ብቻ አልነበረም።

መንገድ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ በሳምንቱ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን ነበር። ከቡሬ የመጣ ሚኒባስ ሰው ሲያራግፍ ጋቢያቸውን ያጣፉ ሽማግሌ ወደ እኔ ሲመጡ አየሁ፤ አያ ቢሰጥ ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር ሙሴ ስለሆኑ ማኅበርተኛው ያለ እሳቸው ቃል አይቀመጥም፣ አይነሣም። ከዚህ በፊት ሁለት የድንበር እርቅ አስጽፈውኛል።

«እንዴት ሰነበቱ አያ ቢሰጥ? በደኅና ነው የመጡ?» አልኋቸው አግዳሚውን እየጠረግሁ።

«ደኅናስ አይደለም አቶ ዘሩ። የልጄን የወይኒቱን ባል መኪና ገደለብኝ። የጥር ሚካኤል ለት ነው። ገነነ ለቅዳሜ ገበያ በርበሬ በአህያ ጭኖ ወደ ቡሬ ሲወርድ፣ እሱንም አህያይቱንም ጠረጋቸው። ሦስት ልጆች ጥሎ ሄደ።»

«ነፍሱን ይማረው። ሾፌሩስ?»

«ዘሚካኤል ነው፤ ከመራዊ በቆሎ የሚያመላልሰው። የክርስትና ልጄ ነው» አሉና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። «አሁን እስር ላይ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩን ጨርሰነዋል። እሑድ በሚካኤል ደጅ እርቁ ይፈጸማል። የመጣሁት ወረቀቱን ላስጽፍ ነው።»

«እሺ፣ ይንገሩኝ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «‹ሟች ገነነ በራሱ ጥፋት ድንገት ወደ አስፋልት የገባ ስለሆነ፣ ሾፌሩም ባለመኪናውም ጥፋት የለባቸውም። እኔ ሚስቱ ወይኒቱ አንዲት ጊደር ተቀብዬ ታርቄያለሁ። ከእንግዲህ በራሴም ሆነ በልጆቼ ስም ምንም አልጠይቅም› ይበሉልኝ። እሑድ ጣቷን ታትምበታለች።»

የመጀመሪያውን መሥመር ከጻፍሁ በኋላ መጻፌን አቆምሁ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! ደንበኛ የነገረኝን ጻፍሁ እንጂ እኔ ምን አገባኝ እያልሁ። ሙት አይናገር፣ አይከራከር፤ ጥፋቱን እሱ ላይ መጫን ምን ያህል ቀላል ነው! ሾፌር የገደለውን ሰው እኔ ደግሞ በወረቀት ጥፋተኛ ሳደርገው ኖሬያለሁ። አንዲት ጊደር ለሦስት አባት የሌላቸው ልጆች! 

«አያ ቢሰጥ፣ ሲገጨው አይተዋል?»

«የለም፣ አላየሁም።»

«ታዲያ በራሱ ጥፋት መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«የባለመኪናው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ካልተጻፈ እርቁ አይጸናም አሉ። እርስዎ ደግሞ ዛሬ ምን ነካዎት? ጻፉ ያልሁዎትን መጻፍ ነው እንጂ!»

ይህን ስንባባል ማርያማዊት መጣች። ማርያማዊት የገበዝ ማርያም አገር ልጅ ናት፤ ሕግ ተምራ በፍርድ ቤቱ ግቢ ባለው የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ትሠራለች። ማተሚያቸው ቀለም በጨረሰ ቁጥር ወደ እኔ ነው የምትሮጠው። ያን ቀን እግዜር ራሱ ያመጣት መሰለኝ።

«ማርያማዊት፣ ተቀመጭ። ይህን አንብቢና ለአባታችን አስረጃቸው፤ እኔ ንዴት አላስችል ብሎኛል» አልኋትና ሁለቱን አስተዋወቅኋቸው፤ ያልጻፍሁትንም ሁሉ በቃሌ ነገርኋት።

አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ድምፅዋ ግን አልተለወጠም። «አባቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቢፈቅዱልኝ ጥቂት ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ ልጄ። ነገር ግን ክሰሱ ልትይኝ ከሆነ አትድከሚ። እርቅ ደም ያደርቃል። እኛ አገር ክስ ያመጣው ቂም እስከ ልጅ ልጅ ይዘልቃል።»

«እርቁን ማን ከለከለ? ወይኒቱ ከልቧ ይቅር ካለች የተባረከች ናት። ግን ይህ ወረቀት ይቅርታ አይደለም፤ ‹የበደለኝ የለም› የሚል ነው። ያልበደለን ሰው ምን ብለው ይቅር ይሉታል?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ከጠየቅንስ በኋላ ምን እናገኛለን? ገንዘብ ነው። የሞተ ሰው ሥጋ ተሸጦ ይበላል? አገር ምን ይለናል? ‹ቢሰጥ የአማቹን ደም በላ› አይሉም?»

እኔ አላስቻለኝም። «ጊደሯን ሲቀበሉ ያልተሸጠ ሥጋ ካሣ ሲቀበሉ ነው የሚሸጠው?» ብዬ ጮህሁ። ማርያማዊት በዓይኗ ገሠጸችኝና ቀጠለች።

«አባቴ፣ ገነነ ቢኖር ልጆቹን ማን ያበላ ነበር?»

«እሱ ነዋ! ጎበዝ አራሽ ነበር።»

«አሁንስ ማን ያበላቸዋል?»

«እኔ አለሁ።»

«ዕድሜ ይስጥዎት። ስንት ዓመትዎ ነው?»

«ሰባ ሁለት» አሉ ቀስ ብለው።

«ትንሹ ልጅስ?»

«ገና ጡት አልጣለም።» የእሳቸው ዕድሜና የሕፃኑ ዕድሜ ባንድ አፍ ሲነገሩ ለራሳቸውም የከበዳቸው ይመስለኛል።

«ካሣ ማለት እንግዲህ ይህ ነው» አለች። «የሥጋ ዋጋ አይደለም፤ አባታቸው ያበላቸው የነበረውን ነው ሕጉ ለልጆቹ የሚያስመልስ። የሚከፍለውም ዘሚካኤል ብቻ አይደለም። መኪና መንገድ ላይ ሲወጣ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ሕግ ያስገድዳል፤ መድን ድርጅቱ ለሟች ቤተሰብ ይከፍላል። ሾፌሩ ሰክሮ ነድቶ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ከፍሎ፣ በኋላ ከባለመኪናው ጋር ይተሳሰባል። ባለመኪናውም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው አንድ ነገር ነው፤ ‹ሟች በራሱ ጥፋት› የሚለው ቃል። ለዚህ ነው እሱ ካልተጻፈ እርቁ አይጸናም ያሉዎት።»

አያ ቢሰጥ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን በሽምግልና ስም አሞኙኝ ማለት ነው?»

«ሊያሞኙዎት ነበር። እስካሁን ጣት አልታተመበትም።»

«ጠበቃ መቅጠሪያስ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

«የእኛ ቢሮ ከድኃ አይቀበልም። ማመልከቻውን እንጽፋለን፣ ፍርድ ቤት እንቆማለን። ወይኒቱ የሞት ማስረጃና የልጆቹን ወራሽነት ብቻ ታውጣ፤ እሱንም አብረን እንሄዳለን። ነገሩ እንዳይዘገይ ነው እንጂ፤ ጊዜ ካለፈ መብቱም ያልፋል።» ከዚያ ማስታወሻዋን ከፈተችና «ሾፌሩ ጠጥቶ ነበር?» አለች።

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጥለት ይደባብሱ ጀመር።

«ሲገጨው ቆመ?»

«አልቆመም። ሸሽቶ በማግሥቱ ነው እጁን የሰጠ።»

«ስካሩ ከወጣለት በኋላ ማለት ነው። ፖሊስ እንግዲህ ምኑን ይለካል? ሲጠጣ ያየ ሰው ካልመሰከረ ስካሩ እንደሌለ ይቆጠራል። ከየት ነበር የሚመጣው?»

 ዕለቱ ጥር ሚካኤል፣ ሾፌሩ የክርስትና ልጃቸው፣ እሳቸው የሚካኤል ማኅበር ሙሴ! ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የአያ ቢሰጥን ሆድ ግን ያወጣው ብቅል ሳይሆን የዚያች ልጅ ትዕግሥት ነው።

«ከኔ ቤት» አሉ በመጨረሻ። «ማኅበሩ የኔ ተራ ነበር። ‹አባባ፣ መኪና ይዣለሁ፣ ይበቃኛል› አለኝ። ‹በሞቴ!› ብዬ ቀዳሁለት። ደግሞ ሊነሣ ሲል ‹የሙሴን እጅ ትመልሳለህ?› ብዬ አረቄ ደገምሁለት። በሩ ድረስ ተከትዬ፣ ቆሞ ሳለ የመንገዱን አጠጣሁት። ገነነ በዚያው ሰዓት አህያይቱን እየጫነ ነበር። እሱ አልጠጣም፤ ‹ገበያ አለብኝ› ብሎ እንቢ አለኝ፤ ተቀየምሁት። እንደ ተቀየምሁት ነው የሞተው!» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ማዘኑን አዘንሁ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ዛሬም አልበረደም። የጽዋ ማኅበር የተሠራው የተራበ ሊበላበት፣ የተጣላ ሊታረቅበት ነው። እኛ ግን እንግዳን ማክበር ማለት እስኪንገዳገድ ማጠጣት አደረግነው። «በቃኝ» ያለን ሰው በጠፍር እንደሚታሰር በቅሎ በመሐላ ጠፍረን እናስቀምጠዋለን። ከዚያም መሪ ላይ ሰቅለን፣ ሕፃንና አህያ፣ ባጃጅና ጋሪ ወደሚተራመስበት አስፋልት እንሰደዋለን። ሰው ሲሞት ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «ሰይጣን ነው» እንላለን። ሰይጣን መንጃ ፈቃድ ያወጣው መቼ ነው?

«አባቴ፣ ቁልፉን ያዞረው ዘሚካኤል ነው፤ እንቢ ማለት ይችል ነበር፤ ገነነ ብሎ የለም?» አለች ማርያማዊት። «በእርስዎ ላይ ያለው ዕዳ እውነቱን መናገር ነው።»

«የክርስትና ልጄን በአፌ ላሳስረው?»

«የክርስትና አባት የሆኑት ኃጢአቱን ሊሸፍኑለት ነው ወይስ ንስሓ ሊያስገቡት? ዛሬ በውሸት ቢወጣ ነገም ጠጥቶ ይነዳል። ያኔ የሚሞተውን ሰው በማን ጥፋት ሞተ ብለው ያስቀብሩታል?»

 ከፍርድ ቤቱ በር የባለጉዳይ ስም ሲጠራ ይሰማል። ከዚያ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና «አቶ ዘሩ፣ ያን አጥፉት» አሉኝ። «ሌላ ይጻፉ። ‹እኔ ቢሰጥ፣ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ፣ ሾፌሩን በቤቴ በመሐላ እያስገደድሁ አጠጥቼዋለሁ። ሰክሮ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ስጠየቅም እመሰክራለሁ።› እሑድ ለሽማግሎቹ እርስዎ ያነቡልኛል። እኔ አንደበቴ ይያዛል።»

እሑድ ከማርያማዊት ጋር ሄድሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ የዘሚካኤል ዘመዶች ምሕረት ሊለምኑ በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ። ወይኒቱ በጥቁር ነጠላ፣ ትንሹን ልጅ አዝላ፣ ጣቷን ለቀለሙ አዘጋጅታ ነበር። አነበብሁት። የባለመኪናው ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዱማ «ይህ ደላላ ከየት መጣ!» ብሎ ሰደበኝ። አያ ቢሰጥ ግን ተነሥተው «የተነበበው ሁሉ ልክ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ልጄ፣ ባልሽን ያስገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ወይኒቱ አላለቀሰችም። «አውቅ ነበር አባየ» አለች። «ጠላውን የጠመቅሁት እኔ ነኝ። ጓዳ ሁኘ ‹በሞቴ› ሲሉት እሰማ ነበር። እኔ ብናገር ‹አባቷን ከሰሰች› እባላለሁ ብዬ ዝም አልሁ። ዛሬም ታተሚ ቢሉኝ እታተም ነበር፤ አባቴ ነዎት።»

ሽማግሎቹ ተነሡ። ድንጋዩ ከተሸከሙት ሰዎች ማጅራት ወረደ፤ ወይኒቱ በመስቀሉ ፊት ይቅር አለች፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ማርያማዊት ክሱን አስገባች። ይቅርታውና ክሱ አልተጣሉም። ዘሚካኤል በእውነተኛ ጥፋቱ ተፈርዶበት እስራቱን እየፈጸመ ነው፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ግን ዛሬም ሰላም ይባባላሉ። መድን ድርጅቱ ለልጆቹ ከፈለ፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በስማቸው ባንክ ተቀምጧል። ወይኒቱ መሬቷን ለሌላ አራሽ በእኩል ሳትሰጥ በራሷ በሬ ታሳርሳለች፤ ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት አልቀረችም። ወረቀቱ ቢታተም ኖሮ ይህ ሁሉ በአንዲት ጊደር ተለውጦ ነበር። እኔም ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን ሙት ጥፋተኛ የሚያደርግ እርቅ አልጽፍም፤ ሊያስጻፈኝ የመጣውን ሁሉ ወደ ግቢው ውስጥ፣ ወደዚያች ልጅ ቢሮ እመራዋለሁ። ገቢዬ ቀነሰ፤ ይቀንስ።

በኅዳር ሚካኤል አያ ቢሰጥ ጠርተውኝ ወደ ማኅበሩ ሄድሁ። ወይኒቱ በሩ ላይ ሰፌድ ይዛ ቆማለች። ባለ መኪናው፣ ባለ ባጃጁ፣ ባለ ሞተሩ ሁሉ ቁልፉን እዚያ ሳያኖር አይገባም፤ ጠጥቶ ከሆነ አድሮ ይወስዳል። የሙሴ ትእዛዝ ነው። አንድ ከሊበን የመጣ እንግዳ ሥርዓቱን ሳያውቅ ቁልፉን በኪሱ እንደያዘ ገባ፤ አጠገቡ ያለው ማኅበርተኛም እንደ ልማዱ ዋንጫ አንሥቶ «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» አለው።

«በማን ሞት?» አለች ወይኒቱ ከበሩ።

ሰውየው ዋንጫውን አስቀመጠ። እንግዳውም ተነሥቶ ሄዶ ቁልፉን ሰፌዱ ላይ አኖረ።