የፈራሚው ጥፋት

ከኦክላንድ ሳን ሆዜ ድረስ ነድቼ የካራቴ ስታይላችን ቦርድ ፊት ቀረብኩ። አዲስ አበባ ያገኘሁትን ጥቁር ቀበቶ እንዲያጸድቁልኝ ነበር። ሠርቼ ሳሳያቸው ሦስቱም ፈታኞች አጨበጨቡ። ከመካከላቸው ሐበሻው ግን ሰርተፊኬቴን አገላብጦ፣ «ወንድሜ፣ የፈረመልህ አስተማሪ ከድርጅቱ ወጥቷል። ሪኮግናይዝ ማድረግ አንችልም፤ ከነጭ ቀበቶ ጀምር» አለኝ።

«እኔ ስፈተን እኮ አልወጣም ነበር» ስለው፣ «ደንቡ ነው» አለ። ደሜ እየፈላ እጅ ነስቼ ወጣሁ።

መኪናዬን ልከፍት ስል ሰውዬው እየሮጠ ደረሰብኝ። «ያቺን የመጨረሻዋን መዞር እንዴት ነው የሠራሃት? እኔን እምቢ ብላኛለች» አለኝ። ንዴቴ ባይበርድም እምቢ ማለት አቃተኝና እዚያው ፓርኪንግ ላይ አሳየሁት። ሲገባው ጎንበስ ብሎ፣ «አመሰግናለሁ፣ መምህር» አለኝ።

«እስቲ እሱን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ» አልኩት።